የላሚቱ ጨጓራና በመኖዋ ላይ የምንነሰንሰው ዱቄት
(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ዝግጅት የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ወተት ላም ሆድ ነው። ንባብና ጽሕፈት የጀመራችሁ ደብተርና እርሳስ አቅርቡ፤ በመካከሉ የምንጽፈው ቁጥር አለ። ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያላችሁ ደግሞ ለዛሬ ጆሯችሁ ይበቃል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ከመምህራን ማሠልጠኛ ይዤ የወጣሁት የግብርና ትምህርት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ከእንስሳት ሐኪሞችና ከመጻሕፍት፣ ከዚያም በላይ በማታ ከማስተምራቸው ላም አርቢዎች ለቃቅሜ ያገኘሁት ነው። ስለዚህ የታመመች ላም ያለችው ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ ወደ ሐኪም ከመሄድ እንዳይቀር አደራ እላለሁ።

ቀድሞ አባቶቻችን ይህ ችግር ብዙም አልነበረባቸውም። የሀበሻዋ ላም በመስክ ሣር ግጣ፣ በበጋ ቃርሚያና ጭድ በልታ፣ የምትሰጠውን አንድ ሁለት ሊትር ሰጥታ ትኖር ነበር። የፈረንጅ ደም ያላት ድቅል ላም ከመጣች ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ሲጀምር ድቅል ላሞችን ለገበሬው ካዳረሱት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ሆነ። ዛሬ በአርሲም፣ በሰላሌም፣ በደብረ ብርሃንም፣ በቢሾፍቱም እነዚህ ላሞች የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ናቸው። ድቅሏ ላም ብዙ ወተት ትሰጣለች፤ ብዙ ወተት ደግሞ በጭድ ብቻ አይገኝም። ፍሩሽካ፣ ፋጉሎ፣ የተፈጨ በቆሎ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ሞላሰስ ይመጣል። ችግሩም ከዚሁ ጋር አብሮ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ሆዷ እንግባ። የላም ሆድ አራት ክፍል አለው። ትልቁ ጨጓራ የምንለው ሲሆን፣ በትልቅ ላም ውስጥ ከመቶ ሊትር በላይ ይይዛል። ለዱለት ጨጓራ ያጠበ ሰው የውስጡን ገጽ ያውቀዋል፤ እንደ ወፍራም ፎጣ ፀጉር ፀጉር የሚል ነው አይደል? ያ ፀጉር መሳይ ነገር ለጌጥ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። ላሚቱ ምግቧን ወደ ደሟ የምታስገባበት በር ነው።

በዚያ ጨጓራ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕያዋን ይኖራሉ። ሣሩንም ጭዱንም እህሉንም የሚያብላሉት እነርሱ ናቸው። ሊጥ ሲብላላ እንደሚኮመጥጥ ሁሉ፣ መኖው ሲብላላም ኮምጣጣ ነገር ይወጣዋል። ይህ ኮምጣጣ ነገር በራሱ ጠላት አይደለም። እንዲያውም የላሚቱ ዋና ምግብ እርሱ ነው፤ በፀጉር መሳዩ በር በኩል ወደ ደም ገብቶ ጉልበትና ወተት ይሆናል። ጠላት የሚሆነው ሲበዛና ሲቸኩል ነው። ጭድና ድርቆሽ ቀስ ብለው ይብላላሉ። የስንዴ ዱቄት፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የተረፈ ሊጥ፣ ሞላሰስ ግን ወዲያው ነው የሚፈሉት። በሩ አስገብቶ ሳይጨርስ ሌላ ይመጣና ጨጓራው ይኮመጥጣል።

ለዚህም ተፈጥሮ መከላከያ ሰጥታታለች፤ ምራቋ ነው። አንዲት ትልቅ የወተት ላም በቀን ከመቶ ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች። እንስራ በእንስራ ላይ ብትደረድሩ ስንት እንደሚሆን አስቡት! ምራቋም ኮምጣጣውን የሚያለዝብ ሶዳ አለበት፤ ይኸው ዳቦ ጋጋሪዎች የሚያውቁት ዓይነት ሶዳ ነው። ነገር ግን ምራቁ በብዛት የሚወጣው ስታኝክና ስታመሰኳ ነው። ጤነኛ ላም በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ታመሰኳለች። እንድታመሰኳ የሚያደርጋት ደግሞ ረጅሙና ሸካራው መኖ፣ ድርቆሹና ጭዱ ነው። ዱቄት አያስመሰኳም። ድርቆሽ ስትቀንሱባት ሶዳዋን ጭምር ነው የቀነሳችሁባት።

ሐኪሞች ኮምጣጣነትን የሚለኩበት ቁጥር አላቸው፤ ፒ ኤች ይሉታል። ንጹሕ ውኃ 7 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል፤ በአንድ ቁጥር ቢወርድ ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ጤነኛ ጨጓራ አብዛኛውን ጊዜ በ6 እና በ7 መካከል ይውላል። ወደ 5.5 ወርዶ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት እዚያው ሲቆይ ግን ያ ፀጉር መሳይ ገጽ ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል፤ እኛ ተቆጣ እንለዋለን።

ቁጣው እዚያው በጨጓራ ቢቀር ባልከፋ። በቆሰለው ገጽ በኩል ጀርሞች ሾልከው ወደ ጉበት ይሄዳሉ፤ ጉበት ላይ መግል ይቋጥራሉ። በኮምጣጣው የሞቱት ጥቃቅን ሕያዋንም ሰውነታቸው ሲፈርስ መርዝ ይለቃሉ፤ መርዙ ወደ ደም ይገባል። እግሯም ከዚሁ የተነሣ ሊታመም ይችላል፤ ሰኮናዋ ውስጥ ያለው ሥጋ ይቆጣና ከሳምንታት በኋላ ታነክሳለች። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ድንጋይ ወግቷት ነው ብሎ ሰኮናዋን ይፈትሻል እንጂ ከወር በፊት ምን እንደበላች አያስብም። ጨጓራው ያልቻለው ትርፍ እህልም ወደ ታች ወርዶ በትልቁ አንጀት ይብላላል፣ እዚያም ያስቆጣል። እበቷ ላይ እንደ አንጀት ሽፋን ያለ ልጋግ ቢታይ ምልክቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ቀስ እያለ የሚገድለው ዓይነት ነው። ገመድ በጥሳ ጎተራ ገብታ እህል ያለልክ የበላች ላም ነገርማ ሌላ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለችና ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራ። ሐኪሙ እስኪደርስ እህሉን ከፊቷ አንሱ፣ ድርቆሽ አቅርቡላት። ዘይት ወይም አረቄ በጠርሙስ በግድ መጋት አይገባም፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባዋ ከገባ በሌላ በኩል ገደላችኋት ማለት ነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣውን በምን እናውቀዋለን? መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይንና ቁጥር ይበቃል። ላሚቱ ተኝታ ስታመሰኳ አጠገቧ ቁሙና፣ ከሆዷ የመለሰችውን አንድ ጉርሻ እስክትውጠው ድረስ ስንት ጊዜ እንዳኘከችው ቁጠሩ። ጤነኛዋ ከ50 እስከ 70 ጊዜ ታኝካለች። በተደጋጋሚ ከ50 በታች ከሆነ ጠርጥሩ። ቀጥላችሁ እበቷን እዩ። ቀጥኖ፣ አረፋ ነገር ሆኖ፣ ያልተፈጨ እህል ከታየበት ደህና አይደለም። ጥቂቱን በአሮጌ ወንፊት አድርጋችሁ ውኃ ብታፈሱበት ምን እንዳላለፈላት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን በልታ አንድ ቀን መኖ የምትተው ላምም እንዲሁ ናት። ወተት የሚንጡ እናቶች ደግሞ ሌላው ሰው ሳያውቅ ያውቃሉ፤ ወተቱ ሳይቀንስ ቅቤው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዱቄቶቹ እንምጣ። በገበያ በብዙ ስም የሚሸጡ የመኖ ጭማሪዎች አሉ። አንዳንዱ ይጠቅማል፣ አንዳንዱ በቦታው ካልሆነ ይጎዳል፣ አንዳንዱም ስሙ ሳይታወቅ በፌስታል ታስሮ የሚሸጥ ነው።

በጥቅሙ የታወቀው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ያው የምራቋ ሶዳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው በመቶ ኪሎ የዱቄት መኖ ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ደብተር የያዛችሁ እንግዲህ ጻፉ። በ100 ኪሎ 1500 ግራም ከሆነ በ1 ኪሎ 15 ግራም ይሆናል። ላማችሁ በቀን 6 ኪሎ ዱቄት መኖ የምትበላ ከሆነ፣ 6 ጊዜ 15 ዘጠና ነው፤ 90 ግራም። በወር፣ 90 ጊዜ 30፣ 2700 ግራም፤ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ። በአካባቢያችሁ ዋጋ አባዙትና ከአንድ ሸክም ድርቆሽ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሶዳ ጨውነት ስላለው ንጹሕ ውኃ እንደ ልቧ ታግኝ፤ የምትሰጧትን ጨውም ባለሙያ አማክራችሁ አመጣጥኑ። ልትወልድ ሦስት ሳምንት ለቀራት ላም ግን ሶዳ አይሰጥም። ከወሊድ በኋላ ካልሲየም ጎድሏት ወድቃ እንድትቀር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነውና።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያላችሁ አድማጮች ቦሌ አለን እኮ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከብቶቻችን ቦሌ ሲልሱ ኖረዋል፣ የሚያገኙበትም ማዕድን አለ። ነገር ግን በውስጡ ያለው መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በእርሱ ተማምኖ እህል መጨመር አይቻልም። ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ የኖረው የሶዳ አመድም ስሙ ሶዳ ስለሆነ ብቻ አንድ አይደለም፤ እርሱ እጅግ የሚያቃጥል ነው፣ ለላም አይሰጥም።

ሁለተኛው ሕያው እርሾ ነው። በጨጓራው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ሕያዋን በማገዝ ኮምጣጣውን ያረጋጋል ይባላል። በጥናትም ጥቅም የታየበት ጊዜ አለ፤ ለሁሉም ላም እኩል አይሠራም እንጂ። ሕያው ነው ካልን ይሞታል ማለት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት የከረመ፣ ጊዜው ያለፈበት እርሾ በገንዘብ የተገዛ አቧራ ነው። ቀኑን አንብባችሁ ግዙ። አንዳንድ ሰው ደግሞ የእንጀራውን እርሾ በመኖው ላይ ያፈስሳል። እርሱ ራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ለዚህ አይሆንም።

ሦስተኛው ሞኔንሲን የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

በማታው ክፍላችን አንዲት እናት አሉ። ሁለት ድቅል ላሞች፣ አንዲት አህያ አላቸው፤ ወተቱን ወደ መሰብሰቢያው የምታደርሰው አህያዪቱ ናት። ሆሄያቱን በስድስት ወር ጨርሰው ዛሬ ደብዳቤ ያነብባሉ። አንድ ማታ ከከረጢት ላይ የተቀደደ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይህን እኔ ላነበው አልቻልኩም፤ ፊደሉ የኛ አይደለም። መኖ ሻጩ ከሌላው ርካሽ ነው ብሎ ሰጠኝ፤ እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉኝ። እንግሊዝኛ ነው። ሞኔንሲን ያለበት መኖ መሆኑን ይናገራል፤ ከታችም በደቃቅ ጽሑፍ ፈረስና የፈረስ ዘር የሆኑ እንስሳት ሁሉ እንዳይቀርቡት፣ ቢበሉት እንደሚሞቱ ያስጠነቅቃል።

«እማማ፣ አህያዋ የት ነው የምትበላው?» አልኳቸው።

«የት ትበላለች ብለህ ነው? ላሞቹ ያስተረፉትን ከገንዳው ትልሳለች እንጂ» አሉኝ።

ከረጢቱ ገና አልተፈታም ነበርና ተርፋለች።

ሞኔንሲን በጨጓራ ውስጥ ያሉትን አንዳንድ ተሐዋስያን እየገታ ሌሎቹን የሚያበዛ መድኃኒት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ለወተት ላሞች በመኖ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከጥር 1 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፀረ ተሐዋስያንን ለማፋፊያነት በመኖ መጨመርን ሲከለክል ይህንንም አብሮ ከልክሏል። ሁለት ትልልቅ ወገኖች ስለ አንድ ዱቄት ሁለት ሐሳብ ካላቸው፣ እኛ በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ አለመንካታችን ተገቢ ነው እላለሁ። የአህያው ነገር ግን ሁለት ሐሳብ የለበትም። ለፈረስ በኪሎ ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ሊገድለው ይችላል፤ የልብ ጡንቻውን ነው የሚያጠቃው፤ ማርከሻም የለውም። ለዶሮ በሚዘጋጅ መኖም ላይ ይህ መድኃኒት ወይም ዘመዶቹ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ የዶሮ መኖ ትራፊ ለአህያ፣ ለበቅሎ፣ ለፈረስ አይሰጥ።

እናትየዋ በማግሥቱ ከረጢቱን ለሻጩ መለሱ። ሲመለሱ የተናገሩትን ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። «ታዲያ ፊደል የቆጠርኩት ለምኔ ነው? ዘመዶቼ የጻፉልኝን አነብባለሁ፤ አህያዬን የሚገድለውን ግን በባዕድ ቋንቋ ይጽፉታል» ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። እኛ ሰው እንዲያነብ እናስተምራለን፤ በአገራችን ገበያ መኖ የሚሸጥ ሁሉ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ካልጻፈ ትምህርታችን ከከረጢቱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የወተት ማኅበር አባላት የሆናችሁ፣ ማኅበራችሁ መኖ ሲገዛ በምታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይጠይቅ። ጽሑፍ የሌለውን አትረከቡ።

በቤታችሁም ያለውን ጻፉበት። ጨው ነጭ ነው፤ ሶዳ ነጭ ነው፤ ዩሪያ ማዳበሪያም ነጭ ነው። ሦስቱም በፌስታል ታስረው በአንድ መስኮት ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። ዩሪያ በልኩ ተመዝኖ ጭድ ለማከም ይውላል፤ በስሕተት በእፍኝ መኖ ላይ የተነሰነሰ እንደሆነ ግን ላሚቱን በሰዓታት ውስጥ ይገድላታል። አንድ ቁራጭ ካርቶንና አንድ እርሳስ ይበቃል፤ «ዩሪያ» ብላችሁ ጻፉበት። ሦስት ሆሄ ነው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ ልለፍ። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ከሶዳ ጋር በጥቂቱ ይሰጣል፤ መጠኑን ባለሙያ ይወስን። የሻገተ ፋጉሎን መርዝ ያስራል ተብሎ የሚጨመር የሸክላ አፈር ዓይነትም አለ። ሻጋታ ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፣ ከኑግ ፋጉሎ ጋርም ተያይዟል። ሸክላው ይረዳ ይሆናል፤ የሻገተውን አለመግዛት ግን ይበልጣል። አንቲባዮቲክ በመኖ ቀላቅሎ «ለሆዷ» መስጠት ጭራሽ የማይገባ ነው። ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ እርጎ እንኳ አልረጋ ሲላችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ዱቄት ከዘረዘርኩ በኋላ የማምንበትን ልንገራችሁ። ድርቆሽ ጎድሏት ዱቄት ለምትበላ ላም የሚያድናት ጭማሪ የለም። ሶዳው የሚያግዘው በመጠኑ በደንብ የተያዘችን ላም ነው። ከምትበላው ሁሉ፣ ውኃው ሳይቆጠር፣ ቢያንስ ከመቶው 40 እጁ ድርቆሽ፣ ሣርና ጭድ ይሁን። ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ዱቄት። ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ከሁለት ከሦስት ኪሎ አታብልጡ፤ ለሁለትና ለሦስት ጊዜ ክፈሉት። እህሉም ሸርከት ብሎ ይፈጭ እንጂ እንደ እንጀራ ዱቄት አይላም።

ከሁሉም ይልቅ ስትወልድ ነው ጥንቃቄው። ላሚቱ ወለደች፣ ወተት ይጨምር ተብሎ በዕለቱ ሙሉ ባልዲ ፍሩሽካና በቆሎ ይቀርብላታል። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ሕያዋን አዲስ መኖ እስኪለምዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ያ ፀጉር መሳይ በር እስኪያድግ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ብቻ እየጨመራችሁ ውጡ። በጣሳ የምትለኩ ተጠንቀቁ! አንድ ጣሳ ፍሩሽካ ከአንድ ጣሳ በቆሎ ዱቄት በጣም ይቀላል። አንድ ቀን በሚዛን መዝኑና ክብደቱን በጣሳው ላይ ጻፉት።

ድርቆሽ ተወድዷል የሚሉኝ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ በተለይ በበጋ መጨረሻ። አንድ ላም በሚገባ ለመመገብ የሚበቃ ድርቆሽ ሳይኖር ሁለተኛ ላም መግዛት ግን አስቡበት። ባንዲት የጠገበች ላምና በሁለት የተቆጡ ጨጓራዎች መካከል ያለውን ልዩነት በወተት መለኪያው ታዩታላችሁ። የዝናቡ ሣር ሳይጠነክር፣ ገና ሲያብብ አጭዶ መከመርም ከሚገዛው ዱቄት ሁሉ የረከሰ ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በደብተራችሁ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ የወተት ሊትር፣ የተሰጣት ዱቄት በኪሎ፣ በአንድ ጉርሻ ስንት ጊዜ እንዳኘከች። በየማታው ሙሉት። ሰባት መሥመር ይሆናል። መጻፍ ያልጀመራችሁ ቁጥሩን ንገሩና ተማሪ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ላሚቱ የታመመችባችሁ ካላችሁ ይህንኑ ደብተር ለእንስሳት ሐኪሙ አሳዩት፤ ከመቶ ጥያቄ ያድነዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ጥጃ እንገናኛለን።